ትንፋሽ ያጠራት ቀይ መኪና

መካኒሳ የነበረችውን ጋራዤን ያስረከብኩት ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የተረከበኝ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የሚጠግን ነው። ቁልፉን ስሰጠው ወለሉን እያየ፣ ይሄ ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ ቢታጠብ ይለቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አይለቅም አልኩት። እኔ ስገባም እንደዚሁ ነበር።

ሰው ሲጠይቀኝ አረጀሁ እላለሁ። ጉልበቴም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። ነገር ግን ከእኔ ቀድሞ ጡረታ የወጣው ሥራው ነው። የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት ከቀረ ወዲህ የጀሞና የለቡ መንገድ ድምፅ በሌላቸው መኪኖች ተሞልቷል። ዳገት ሲወጡ አያቃስቱም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ሞተር ደግሞ እንደ ሰው ነው፣ አየር ሲያንሰው ይደክማል። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ይህን ድካም ሳስታምም ነው። ኤሌክትሪኩ ግን ከነጭራሹ አይተነፍስም። በሩ ላይ ቆሜ ሽው ብሎ ሲያልፍ ሳየው ይገርመኛል እንጂ አይከፋኝም። እኔ የድርሻዬን ሠርቻለሁ።

የተወለድኩት ላፍቶ ነው፤ ያኔ ከቤታችን ጀርባ ገብስ ይዘራ ነበር። ቴክኒክ ትምህርት ቤት በአውቶ መካኒክ የተመረቅን ሴቶች ሁለት ነበርን። ጓደኛዬ አግብታ ወደ ክፍለ ሀገር ሄደች፤ እኔ የመንግሥት የኮንስትራክሽን መሣሪያዎች በሚጠገኑበት ወርክሾፕ ተቀጠርኩ። ኃላፊው ወረቀቴን ሁለቴ አገላብጦ ካየ በኋላ ሴት ልጅ ስቶር ትሁን ብሎ ወሰነ። ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ላይ መቀመጥ እየተቻለ ከመኪና ሥር መተኛት የሚመኝ ሰው አለ ብሎ ማመን ብቻ አቃተው። ሰባት ወር ሙሉ ካንዴላና ፊልትሮ ስቆጥር ቆየሁ።

ከዚያ ያወጡኝ ጋሽ ተካልኝ ናቸው። የሞተር ክፍሉ ፎርማን ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው። አንድ ቀን አዲስ ቫልቭ ሊያወጡ ስቶር ሲመጡ ቫልቮቹን አንድ በአንድ በጣቴ እያሽከረከርኩ ሳይ አገኙኝ።

"ምን ታያለሽ?" አሉኝ።

"ይሄኛው ትንሽ የጠመመ ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል ምንድነው? ለክተሽዋል?"

"አልለካሁትም።"

"እንግዲያው አልለካሁትም በይ።"

ከኪሳቸው ማይክሮሜትር አውጥተው ሰጡኝና አጠገቤ ቆመው አስለኩኝ። ቫልቩ ጠሟል። የቀሩትን ይዘው ሄዱ። በሳምንቱ ከኃላፊው ዘንድ ገብተው ምን እንዳሉት አላውቅም፤ ብቻ ሰማያዊ ቱታ ተሰጠኝ።

ጋሽ ተካልኝ ሞተር ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ሌሎቹ መካኒኮች፣ ሰው ሥራውን ሲጨርስ እንጂ ሲጀምር ይታጠባል ወይ እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እሳቸው ግን የጥፍራቸውን ሥር ሳይቀር በብሩሽ ይፈገፍጋሉ። ቴስታታ ሲያወርዱ፣ ማለት የሞተሩን የላይኛ ክዳን ሲፈቱ፣ በካርቶን ላይ የሞተሩን ቅርፅ ይስሉና በየቦታው ቀዳዳ ይበሳሉ፤ እያንዳንዱ ብሎን ከወጣበት ቦታ ልክ ካርቶኑ ላይ ይሰካል። በሚገጥሙበት ሰዓት ሬዲዮ ይዘጋል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ደንበኛ ሲመጣ ኮፈን አያስከፍቱም። በርጩማ ያቀርቡለትና፣ "መኪናዋ የት ትውላለች? የት ታድራለች?" ይሉታል። ሰውየው ስለ ጭስ ሊያወራ ሲጀምር እሳቸው ስለ መንገድ ይጠይቃሉ። ዳገት ነው ሜዳ? ደጋ ነው ቆላ? ምን ትጭናለህ? ነዳጅ ከየት ትቀዳለህ? አንዳንዱ ይናደድ ነበር። እሳቸው አይቸኩሉም።

ቫልቭ ማስቀመጥ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቫልቩንና መቀመጫውን በአሸዋማ ቅባት እያሹ፣ ግራና ቀኝ እያሽከረከሩ፣ ዙሪያውን ሙሉ ወጥ ግራጫ ቀለበት እስኪታይ ድረስ ነው። ከዚያ ላዩ ላይ ነጭ ጋዝ ይፈስስና ይጠበቃል። አንዲት ጠብታ በሥር ካለፈች እንደገና ነው። መዳፌ ተልጦ ያውቃል። እወደው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አዋሽ በኩል መንገድ ይሠራ ወደነበረበት ካምፕ ተመደብኩ። ሁለት ዓመት ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ሠራሁ። የካምፑ አለቃ ቁጡ ሰው ነበር፤ የሚጮኸው ግን በመኪናው እንጂ በሰው ላይ አልነበረምና ተስማማን። እዚያ ነው ነገሩን በዓይኔ ያየሁት። አዲስ አበባ ላይ ጭነት አቅቶት ሲያስል የከረመ ገልባጭ፣ አዋሽ ሲወርድ ማንም ሳይነካው ይበረታል። አየሩ ወፍራም ነው። ሞተሩ ጠግቦ ይተነፍሳል። ከሙቀቱ የተነሣ ደግሞ እዚህ ያልነበረበት ሕመም ይነሣበታል። ይህን ሁሉ በማስታወሻ ደብተሬ ጽፌ ለጋሽ ተካልኝ ስልክላቸው፣ "ጥሩ አይተሻል" የሚል አንዲት መስመር መለሱልኝ። ደብዳቤዋን አሁንም አስቀምጫታለሁ።

ወርክሾፑ ሲዘጋ ጋሽ ተካልኝ በስንብት ገንዘባቸው መካኒሳ ላይ ትንሽ ጋራዥ ከፈቱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ኋላ ጉልበታቸው እንቢ ሲላቸው ላፍቶ ቤታቸው ገቡና ጋራዡን ለእኔ ለቀቁልኝ። እንግዲህ ዋናው ታሪኬ ከዚህ ይጀምራል።

አቶ መስፍን ለቡ መብራት ኃይል የሚኖር የሴራሚክ ነጋዴ ነው። ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ስለሚያንስ እትዬ ይለኛል። ባለቤቱ ሂሩት ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ታስተምራለች፤ እሷ እኩያዬ ናት። አገራቸው ከሚመለሱ የውጭ ሰው ላይ አንዲት ቀይ፣ ባለሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ገዝተው ነበር። መጀመሪያ የመጡ ቀን መስፍን ፊቱ ቀልቷል፤ ሂሩት ደግሞ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰበታ ሲመለሱ፣ ዳገቱ ላይ፣ ሰው ጢም አድርጎ የጫነ የጀሞ ሚኒባስ ቀደማቸው። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "አይዞሽ ቆንጆ" ብሏታል፤ መኪናዋን። ለመስፍን ቀልድ አልነበረም። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦት ነበር።

መኪናዋ አልታመመችም ብዬ አስረዳሁት። የተሠራችው ለባሕር ጠረፍ አገር ነው፤ እዚህ ሩብ ያህል ጉልበቷን ስሱ አየር ይወስድባታል። የሚኒባሱ ናፍጣ ሞተር ቱርቦ አለው፤ አየሩን ጠቅጥቆ ነው የሚጎርሰው። እንግዲህ ለእሷ ሁለት መንገድ አለ አልኩት። አንደኛው በራሷ ትንፋሽ እንድትበረታ መርዳት ነው፤ የቴስታታውን የአየር መተላለፊያ ሞርዶ ማለስለስ፣ ቫልቮቹን ጠለቅ አድርጎ የሚከፍት ካም ማስገባት፣ ማርሚታውን ማስፋት፣ የኋላውን ማርሽ ለዳገት እንዲመች ማሳጠር። ይህ ከተወሰደባት ላይ የተወሰነውን ይመልሳል፤ ባሕርይዋንም አይለውጥም። ሁለተኛው ሱፐርቻርጀር ነው። በራሱ በሞተሩ ቺንጋ እየዞረ አየር በግድ የሚያስገባ ማሽን ነው። እሱ የተወሰደባትን ሁሉ ይመልሳል፤ ሲሻው ጨምሮ።

መስፍን የትኛው ይሻላል አለኝ። እውነቱን ለመናገር የመረጥኩት እኔ ነኝ። በዚያ አካባቢ ሱፐርቻርጀር የገጠመ መካኒክ አልነበረም። ስለ አገጣጠሙ የተጻፈ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ እጄን ይበላኝ ነበር። ሁለተኛው ይሻላል አልኩት፤ እሱም ከዱባይ ዕቃውን አስመጣ።

ጋሽ ተካልኝ ዘንድ አልሄድኩም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትንሽ ነገር ሲያጠራጥረኝ ሙዝ ገዝቼ ላፍቶ እወርድ ነበር። የዚያን ጊዜ ግን ሠርቼ ላሳያቸው ፈለግሁ። በርጩማም አላቀረብኩም፤ የት ትውላለች የት ታድራለች አላልኩም። ሰበታና ለቡ መሆኑን ነግረውኛላ።

አምስት ሳምንት ፈጀብኝ። ቺንጋው ሲወጠር ጥርስ እንዳይዘል ሦስት ጊዜ ማቀፊያውን ቆርጬ በየድኩት። ሞክሬ በወጣሁ ቀን የሰበታን ዳገት እየዘፈነች ወጣችው። ቀጭን ፉጨት አላት፤ ነዳጅ ስትረግጠው ከኮፈኑ ሥር ይነሣል። መስፍን ወርዶ እጄን ሳመኝ። ሂሩት ራሷ ነድታ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ያን ቀን እኔ ያልነገርኩት የመካኒሳ ሰው የለም።

ሁለት ወር በደኅና ሄደ። ከዚያ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መስፍን ስልክ ደወለ። ከወለንጪቲ ወደ መተሐራ ሲወርዱ፣ ፀሐይ መሐል አናት ላይ ሆና፣ ሜዳው ላይ ሲነዳት ሞተሩ ከፍ ያለ የብረት ድምፅ አሰምቶ ደረቀ። የኋላ ጎማዎቹ ተያዙ። መኪናዋ ተንሸራታ ከመንገድ ወጣችና ቦይ ውስጥ ገባች። እሱ ደኅና ነው። የሂሩት የትከሻ አጥንት ተሰብሯል። ይህን ሁሉ የነገረኝ በጣም ረጋ ብሎ ነው፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

አዳማ ሆስፒታል ስደርስ መስፍን ቀና ብሎ አላየኝም። ሂሩት ግን ክንዷ በጨርቅ ተንጠልጥሎ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ይቅርታ ልል ስጀምር አቋረጠችኝ።

"ሞተሩን ከፈትሽው?"

"ገና ነው። አሁን ነው የሚመጣው።"

"ስትከፍቺው ምን እንዳገኘሽ ንገሪኝ። ሳትደብቂ።"

በማግስቱ ጋራዥ ውስጥ እጄን ታጥቤ ከፈትኩት። መጀመሪያ ያወጣሁት ካንዴላውን ነው። ጫፉ ላይ ጤፍ የሚያካክሉ ብርማ ነጠብጣቦች ተለጥፈው ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። ከፒስተኑ የቀለጠ አልሙኒየም ነው። ቴስታታውን ሳወርድ ሦስተኛው ፒስተን አናቱ ላይ፣ ትኩስ ፍም ጨርቅ ላይ ሲወድቅ እንደሚተወው ዓይነት፣ ጠርዙ የተሸበሸበ ቀዳዳ ነበረው። ሌላ ምንም ጥፋት የለም። የየድኩት ሁሉ እንደተየደ ነው፤ ቺንጋው እንደተወጠረ ነው። ሥራዬ ውብ ነበር።

ጥፋቱ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ላይ በስስ አየር ለክቼ ነዳጁን ያስተካከልኩለት ማሽን፣ ቆላ ሲወርድ ወፍራሙን አየር አገኘና ከለካሁት በላይ ጠቀጠቀ። ነዳጁ ግን አልጨመረም። ሙቀት በሙቀት ላይ ተደረበ፤ ነዳጁ ሰዓቱን ሳይጠብቅ እየፈነዳ ፒስተኑን እንደ መዶሻ ቀጠቀጠው። ባላውቀው ኖሮ ባልተጸጸትኩ። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አዋሽ ላይ ቆሜ ይህንኑ ነገር በደብተር ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ፒስተኑን በጨርቅ ጠቅልዬ ላፍቶ ወረድኩ። ጋሽ ተካልኝ አጥር ሥር ተቀምጠው ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ተቀብለውኝ አገላበጡት፤ በቀዳዳው ብርሃን አዩ።

"የት እንደሚነዷት ጠይቀሻል?"

"አልጠየቅሁም፣ ጋሼ።"

ፒስተኑን መለሱልኝና፣ "አዋሽ ሁለት ዓመት ነበርሽ" አሉ።

ምሳ አቀረቡልኝ፣ አብረን በላን፣ ስለ ጎመኑ ነገሩኝ። በሚኒባስ ስመለስ ፒስተኑን ታቅፌ አለቀስኩ። ወያላው አይቶኝ ሂሳብ ሳይጠይቀኝ አለፈ።

መስፍን መኪናዋ እንዳለች ለዕቃ ትሸጥ አለ። እኔ በራሴ ወጪ እንደ ጥንቷ አድርጌ እመልሳታለሁ ብዬ ለመንኩትና ማዕዘን ላይ ሸራ ለብሳ ተቀመጠች። ለሌላው ደንበኛ ፍሬንና ፍሪሲዮን ብቻ እሠራ ጀመር። ጉልበት ጨምሪልኝ ብሎ የመጣውን ሁሉ፣ ያ ሥራ ቀርቷል እለው ነበር።

ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ሂሩት ብቻዋን መጣች። ክንዷ ከጨርቁ ወጥቷል፤ ከትከሻዋ በላይ ግን ገና አይነሣም። ጎማ ላይ ተቀመጠችና ፒስተኑን አምጪ አለችኝ። ከዚያ እንደ ተማሪ አስጠናችኝ። አየሩ ስንት ነበር፣ ስንት ሆነ፣ ነዳጁ ስንት መሆን ነበረበት። በቾክ ወለሉ ላይ ጻፈችው። ሒሳቡ ሲገባት ከእኔ ይልቅ እሷ ቀለል አላት።

"አሁን ብትመርጪ የትኛውን ትመርጫለሽ?" አለችኝ።

"በራሷ ትንፋሽ። ምንም ጥያቄ የለውም።"

"ለምን?"

ብዙ ምክንያት ደረደርኩ። ነዳጁ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ጥገናው ቀላል ነው፣ ባሕርይዋ አይለወጥም። ሁሉም እውነት ነው። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ይሄን የሚለው ሞተሩ ነው ወይስ ትከሻዬ?"

አላውቅም አልኳት። እሷም፣ እንግዲያው ስታውቂ ንገሪኝ ብላ ሄደች።

በማግስቱ ላፍቶ ሄጄ ይህንኑ ለጋሽ ተካልኝ ነገርኳቸው። እጃቸውን ከአፈሩ አራግፈው፣ መቼም የማልረሳውን ነገር ነገሩኝ። "ያኔ በኩራት መረጥሽ፤ አሁን በፍርሃት ልትመርጪ ነው። ሁለቱም ሳይለኩ ነው የሚመርጡት። አንቺ ሁለቱንም መንገድ ለኪና አስቀምጪላቸው፤ ምርጫው የባለቤቶቹ ነው።"

ሦስት ሳምንት ለካሁ። ከዚያ መስፍንና ሂሩትን ጠርቼ፣ መጀመሪያ ላይ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ በርጩማ አቀረብኩላቸው። የት ነው የምትወዱት መንገድ አልኳቸው። መስፍን ሜዳ፣ ሂሩት ዳገት አሉ። ሁለቱም ቆላ መውረዳቸውን አይተዉም። እኔም አስረዳሁ። በራሷ ትንፋሽ ከሆነ ከጠፋው ግማሹ ይመለሳል፤ ቆላም ደጋም ያለ ሐሳብ ትሄዳለች። ሱፐርቻርጀሩ ከሆነ ሁሉም ይመለሳል፤ ግን ፒስተኖቹ አናታቸው ዝቅ ያለ፣ ጠንካራ መሆን አለባቸው፤ ነዳጅ የሚረጩት ኢንጀክተሮች በትልልቅ ይተካሉ፤ የሚገባው አየር የሚቀዘቅዝበት ራዲያተር ከፊት ይገጠማል፤ ማሽኑም ቀስ ብሎ እንዲዞር ቺንጋው የሚያዞረው ፑሌጃ ይለወጣል። ከዚያም የነዳጁ ልክ የሚወሰነው እዚህ ሳይሆን ከታች፣ ከሙቀቱ መሐል ተጀምሮ ወደ ላይ እየተወጣ ነው።

መስፍን ሳያመነታ የመጀመሪያውን አለ። ሂሩት ግን፣ "እኔ ዳገት መውጣት ነው የምወደው" አለች። "ቁልቁለትማ ማንም ይሮጣል። ግማሹ ከሚመለስልኝ ሙሉው ይመለስልኝ።"

ተከራከሩ። ባልና ሚስት ሲከራከሩ መሐል መግባት ነውር ስለሆነ ወጥቼ በር ላይ ቆምኩ። ሲጨርሱ መስፍን መጥቶ፣ "የተሰበረው የእሷ ትከሻ ነው፤ ምርጫውም የእሷ ይሁን" አለ። "ግን እትዬ፣ ስትሞከር አንቺ ውስጧ መሆን አለብሽ።"

"እኔው ነኝ የምነዳት" አልኩት።

አዲሶቹ ክፍሎች ለመምጣት ብዙ ወራት ፈጁ። እስከዚያ ቫልቮቹን እንደገና በእጄ አስቀመጥኩ፤ ለዚያ ማሽን አያስፈልግም። ተገጣጥማ ስታልቅ በጭነት መኪና ጭነን አዋሽ ድረስ ወሰድናት፤ ከዚያ በፊት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ እንድትሮጥ አልፈቀድኩም። ወንበሯ ሁለት ስለሆነ እኔ መሪ ያዝኩ፣ ሂሩት ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር የተገናኘ ላፕቶፕ ጭኗ ላይ አደረገች፤ መስፍን ውሃና ነዳጅ ጭኖ በፒክአፑ ከኋላ ተከተለን። ሰዓቱን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሰው ሁሉ ጥላ የሚፈልግበት ቀትር።

የሠራነው እንዲህ ነበር። እኔ ነዳጅ ቀስ በቀስ እረግጣለሁ፤ ሂሩት በላፕቶፑ ላይ አየሩና ነዳጁ የሚስማሙበትን ቁጥር ታነባለች። ነዳጁ የሚያንስበት ቦታ ላይ ስንደርስ እቆማለሁ፣ እንጨምራለን፣ እንደገና እንሄዳለን። የነዳጁ ልክ የሚሞላበት ሠንጠረዥ በመስመርና በዓምድ የተከፋፈለ ነው፤ እንደ ተማሪ ደብተር አንዱን ካሬ አርመን ወደ ሌላው እናልፋለን። አሥረኛው ላይ ይሁን አሥራ አንደኛው፣ ያን ድምፅ ሰማሁት። ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንኳኳ ነው። እግሬን አነሣሁ፣ ዳር ይዤ አቆምኩና በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ከመኪናዋ ጥቂት ራቅ ብዬ ቆምኩ። ሂሩት ከውስጥ ሆና ጠበቀችኝ። ምንም አላባበለችኝም።

"ቁጥሩን አንብቤልሽ ነበር" አለችኝ። "ነዳጁ አንሷል። ትንሽ ነው ያነሰው። እንጨምርለት?"

ውሃ ጠጣሁና ተመልሼ ገባሁ። ጨመርንለት። እዚያው ቦታ ላይ ደግመን ስናልፍ ድምፁ አልነበረም። ሦስተኛ ጊዜ አለፍን፤ አልነበረም። ያን ጊዜ ነው እስከ መጨረሻው የረገጥኩት።

ከአዋሽ ወደ ላይ መውጣት ጀመርን። መተሐራን አልፈን ስንሄድ፣ አንድ ቦታ ላይ ሂሩት ከላፕቶፑ ቀና ሳትል፣ "ቦዩ እዚህ ጋ ነው" አለችና ቀጣዩን ቁጥር አነበበች። ወለንጪቲ፣ አዳማ፣ ሞጆ፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ እኛም ነዳጁን እንቀንሳለን። ሁለት ቀን ፈጀብን፤ በመሐል አዳማ አደርን። በሁለተኛው ቀን ቃሊቲ ስንደርስ ሠንጠረዡ ውስጥ ያልሞላ ካሬ አልነበረም። መስፍን ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ደረሰ። ወርዶ ሚስቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ኮፈኑን በመዳፉ ነካ።

"ሰበታን ማን ይውጣት?" አለ።

ሂሩት ላፕቶፑን አቀበለችውና መሪውን ያዘች።

ጋሽ ተካልኝን በሳምንቱ በዚያች መኪና ከቤታቸው ወስጄ አዞርኳቸው። ረጅም ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸው ዳሽቦርዱን ነክቶ ነበር። አሥር ደቂቃ ያህል ከተጓዝን በኋላ ሱፐርቻርጀሩን በስንት ዙር እንደለካሁት ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ገበያ ብታደርሺኝ ጥሩ ነበር፣ ሽንኩርት የለንም አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በእንቅልፋቸው ዐረፉ። ማይክሮሜትራቸውን ልጃቸው አመጣችልኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጉልበት ፍለጋ መጣ። ብዙዎቹን በራሷ ትንፋሽ ትበርታ ብዬ ነው የሸኘኋቸው፤ ለአብዛኛው ሰው የሚበቃውም እሱ ነው። አንዱ ጎረምሳ ነጋዴ ሱፐርቻርጀር ካልሆነ ብሎ ተቆጣ። የት ትውላለች ስለው ከካፌ ካፌ አለኝ። ማርሚታውን አሰፋሁለት፤ ድምፁ ወፈረ፤ ደስ ብሎት ሄደ። ሱፐርቻርጀር የገጠምኩት በጠቅላላው ለአራት መኪና ነው። አራቱንም ቆላ ወርጄ ከታች ጀምሬ ነው የሰጠኋቸው። አንዳቸውም አልተመለሱብኝም።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጠዋት እንደ ልማዴ በአሥራ ሁለት ሰዓት እነቃለሁ፤ የሚያስቸኩለኝ ነገር ግን የለም። ሂሩትም ማስተማሩን ትታለች። አልፎ አልፎ ቅዳሜ ትመጣና በሩ ላይ ጡሩንባ ታሰማኛለች።

ባለፈው ወር ቡታጅራ እንሂድ አለችኝ። ቀዩዋ ቀለሟ ደብዝዟል፤ ወንበሯም ተቀዷል። ከዓለም ገና እንደወጣን መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ። እርሻው አረንጓዴ ነበር። ስለ ልጇ ሠርግ ታወራኝ ጀመር፤ የሠርጉ ድንኳን የት ይተከል የሚለው ላይ እንደደረሰች አስታውሳለሁ።

ስነቃ ቆመናል። ቡታጅራ ነን። የሂሩት ነጠላ ደረቴ ላይ ተደርቧል፤ አንገቴ ደርቋል።

ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከወጣትነቴ ጀምሮ በሚሄድ መኪና ውስጥ ተኝቼ አላውቅም፤ አውቶቡስ ላይ እንኳን ሹፌሩ ማርሽ ሲያስገባ እየተከታተልኩ ነው የምደርሰው። ደንግጬ ሞተሩ እንዴት ነበር፣ ዳገቱ ላይ ድምፅ አልሰማሽም ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

ሂሩት ቁልፉን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"አንቺ እንደዚያ እያንኮራፋሽ ሞተሩን በምን ጆሮዬ ልስማው?" አለችኝ፤ ወርዳም በሩን ከፈተችልኝ።